እናቴ በመተኛቷ ተከሰሰች

እናቴ እንቅልፍ ያጣችው ባረጠች በዓመቱ ነው። ወንዶች ይህን ሲያነቡ ፊታቸውን ያዞሩ ይሆናል፤ ያዙሩ። ያኔም አዙረዋል። የወር አበባዋ ቀረ፣ በቦታው ላብ መጣ። ክረምት ነው፣ የነቀምቴ ጭጋግ እቤት ድረስ ገብቶ ልብስ ያረጥባል፤ እሷ ግን ነጠላዋን ወርውራ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ፊቷን በእጇ ታራግባለች። ከላቡ በኋላ ራስ ምታት መጣ፣ ቀጥሎ ጆሮዋ ውስጥ የሚጮህ ነገር፣ በመጨረሻ እንቅልፏ ጭራሽ ጠፋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ይህን ነው።

ቀን ቀን ዓይኗ ቀልቶ ወጥ እያማሰለች ቆማ ታንቀላፋለች። ጋደም ስትል ግን ልቧ ድው ድው ይላል። «አልጋው ነው መሰለኝ የሚጠላኝ» ትለኝ ነበር። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እኔ ራሴን ትራስ ላይ ሳደርግ የምሞት ልጅ ስለነበርኩ እንቅልፍ እንዴት እምቢ እንደሚል አይገባኝም ነበር።

የምንኖረው በአባቴ እህት ቤት ነው። አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነበር፤ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞተ። እህቱን ሰፈሩ በሙሉ አዳዳ ይላታል። በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እኔ ስጠራት ሰምተው ሁሉም አዳዳ አደረጓት። ቤቱ የእሷ መሆኑን በቀን አንድ ጊዜ ሳትናገር ውላ አታውቅም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳን «ጎሽ፣ ጣሪያዬ አያፈስም» ትላለች፣ እናቴን በጎን እያየች።

አዳዳም አርጣለች፤ ያውም ከእናቴ በፊት። እሷ ግን እንደ ግንድ ነው የምትተኛው። «እኔስ ሴት አይደለሁም? እኔን ለምን እንቅልፍ አልነሳኝም?» ትላለች። ያረጠች ሴት ደሟ መውጫ ሲያጣ ወደ ራሷ ይወጣል ብላ ታምናለች፤ እሷ ብቻ ሳትሆን ሰፈሩ ሁሉ ያምናል። ስለዚህ ኡኬ ከምትባለው ከተማ ዋግምት የሚያግም ሰው አስመጣች። ሰውዬው የእናቴን ማጅራት በምላጭ በጣጥቶ ቀንዱን ደፋበትና አፉን አድርጎ መጠጠው። ደሙ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አዳዳ «አያችሁት? አያችሁት?» እያለች እንደ ሰርግ ቤት እልል አለች። እናቴ ያን ዕለት አቅም አጥታ ተኛች፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ እንደ ልማዷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

መቀስቀሱ የተጀመረው በጎረቤታችን ነው። ከእኛ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖር፣ ዲጋ በሚባለው አገር የአባቱ መሬት የነበረው፣ ያንን መሬት አንድ ባለሥልጣን በስሙ አጽፎበት ዘመኑን በሙሉ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ ባለጉዳዩ ይለዋል። እውነቱ የእሱ እንደነበር አሁን ልናገርና ልገላገል፤ መሬቱ የእሱ ነበር፣ የተነጠቀው በግፍ ነው። ይግባኙ አዲስ አበባ ስለሆነ ለቀጠሮ በአውቶቡስ ይሄዳል። አውቶቡሱ በየቀኑ የለም፤ ያለ ቀን ደግሞ ሳይነጋ ነው የሚነሳው። ዶሮ እንደሆነ ክረምት ላይ ይዋሻል።

አንድ ማታ መጣና ባርኔጣውን አውልቆ «አዴ፣ እርስዎ እንቅልፍ የለዎትም ሲሉ ሰማሁ። እባክዎን፣ መቼም ነቅተው ነውና የሚያድሩት፣ ግድግዳውን ይምቱልኝ» አለ። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው። እናቴ ደስ አላት። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት! ያ ሁሉ መከራ ለአንድ ሰው ጠቀመ ብላ። ግድግዳውን መታች፣ ሰውዬው ደረሰ፣ ሲመለስ አንድ ጥቅል ስኳር አመጣላት። ስኳሩን አዳዳ ወሰደችው።

ከዚያ ማን ያቁመው! ወደ ጊምቢ የሚሄድ ነጋዴ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት፣ ቡናውን ደጅ አስጥቶ ሌሊት እንዳይሰረቅበት የሚሰጋ ሁሉ እናቴ ላይ ተረባረበ። ሴት ምጥ ሲይዛት እሷ ናት፤ በሽተኛ ሲያጣጥር የምታስታምም እሷ ናት፤ ለቅሶ ቤት ሌላው ጥግ ጥጉን ይዞ ሲያንኮራፋ ከሬሳው ጋር ተፋጥጣ የምታድር እሷ ናት። «አንቺ እንደሁ አትተኚ» ይሏታል። ጠዋት ሲያገኟት ደግሞ «አካም ቡልቴ?» እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ጉድ እኮ ነው! እንዴት እንዳደረችማ ራሳቸው ያውቃሉ። መልሷን ሳይሰሙ ያልፋሉ።

አዳዳ ግን ተመቻት። ቤቷ ሰው የሚመላለስበት፣ ምስጋና የሚዘንብበት ቤት ሆነ። «የእኔ ቤት እኮ ለሰፈሩ ዓይኑ ነው» ትላለች፣ እሷ ለጥ ብላ ተኝታ!

አንድ ገበያ ቀን እናቴ ቅቤ ስትመርጥ አፍንጫዋን ነሰራት። ደሙ ነጠላዋን አልፎ እግሯ ድረስ ወረደ፣ አልቆም አለ። ባለቅቤዋ «ዋቃዮ!» ብላ ጮኸች። አንዲት የሰፈራችን ሴት ተሸክማት ስትሮጥ እኔም ተከትዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የሚሲዮን ክሊኒክ አደረስናት። ፈረንጁ ሐኪም ክንዷን በጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁን በጎማ ነፋው፤ አየና እንደገና ነፋው። በተሰባበረ ኦሮምኛ ደም ብዛት እንዳለባት፣ ይህ በእሷ ዕድሜ በብዙ ሴቶች እንደሚመጣ፣ እንቅልፍ ማጣቱም ነገሩን እንደሚያባብሰው ነገራት። ትንንሽ ነጭ እንክብሎች ሰጣት። «በየቀኑ። ዛሬ ደህና ነኝ ብለሽ አትተዪው። ጨው ተዪ» አላት። እናቴ ከሁሉ የገረማት «በብዙ ሴቶች» ያለው ነው። መንገድ ላይ ደጋግማ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ትል ነበር።

ሰፈራችን ቡናን የሚጠጣው በጨው ነው። አዳዳ ጨው የሌለው ቡና ለሰው አይቀርብም ብላ ተቆጣች፤ እናቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለቻት። እንክብሉን በእምነት ዋጠችው። በሳምንቱ ይሁን በአሥር ቀኑ፣ እኔ በጠዋት ስነሳ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ታንኮራፋለች! አፏን ከፍታ፣ አንድ እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ፣ ምራቋ ትራሱ ላይ እየወረደ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ። በእግር ጣቴ እየተራመድኩ ወጣሁና ዶሮዎቹ እንዳይረብሿት ከግቢ አባረርኳቸው።

እናቴ ሰው ሆነች። ፊቷ ሞላ፣ ጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸው ተወ፣ ከባለቅቤዋ ጋር መቀላለድ ጀመረች። ሰፈሩ ግን አኮረፈ። «ምነው ትላንት አልቀሰቀስሽኝ?» «ይቅርታ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።» «አንቺን?» ይላሉ፣ አንድ ነገር እንደሰረቀቻቸው።

እንዲህ እያለ የባለጉዳዩ ቀጠሮ ደረሰ። እናቴ እንክብል እየዋጠች መሆኗንና ሌላ ሰው እንዲቀሰቅሰው ነግራዋለች፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። «ግድ የለም፣ እርስዎ አያቅትዎትም» ብሎ ሄደ። እሷም ተኛች፣ እሱም ተኛ፣ አውቶቡሱም ሄደ። ቀጠሮው አለፈው።

ከሰሳት። ፍርድ ቤት አይደለም፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት። ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተሰየሙ፤ እናቴ በመተኛቷ ልትዳኝ ነው። ያን ቀን ሲለምን እርስዎ ያላት ሰው አንቺ አላት።

«ይህችን ሴት አምኜ ነው የተኛሁት» አለ። «የአባቴን መሬት፣ የልጆቼን እንጀራ፣ በእሷ ላይ ጥዬ ነው የተኛሁት። አንቺ ግን ተኛሽ!»

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና «እውነት ተኝተሽ ነበር?» አላት።

«አዎን፣ ተኝቼ ነበር» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

አልቻልኩም። «መተኛት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው? ነግራው የለም እንዴ!» ብዬ ጮህኩ። አዳዳ ጭኔን እስኪበልዝ ቆነጠጠችኝ። ሽማግሌው «ይህችን ባለጌ አስወጡልን» አለ፤ ዋርካ ሥር ነው፣ ከየት እንደሚያስወጡኝ እንጃ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ነገሩ። ያን መሬት የነጠቀውን ባለሥልጣን ቀና ብሎ ለማየት የሚደፍር በዚያ ሥፍራ አልነበረም። እናቴን ግን ሁሉም ደፈራት።

ፍርዱን አልረሳውም። ባለጉዳዩ ስንት ደጅ ጠንቶ ሌላ ቀጠሮ ስለተሰጠው፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ እናቴ እንክብሉን እንድትተው ሆነ። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» አለ ሽማግሌው፣ «እንክብሉ ይቆይልን። እስከ ዛሬስ ያለ እንክብል ኖረሽ የለ?» እናቴ ተነስታ የባለጉዳዩን ጉልበት ሳመች። ቀና ስትል ዞረባትና የዋርካውን ግንድ ያዘች። ደገፍ ያደረጋት አልነበረም፤ ሁሉም ስለ ዝናቡ እያወራ ተነስቶ ነበር።

እንክብሉን አዳዳ ወስዳ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። እኔ ክሊኒክ ሄጄ ሌላ አመጣልሻለሁ፣ ተደብቀሽ ዋጪ ብዬ እናቴን ለመንኳት። «ብተኛ ይታወቃል» አለችኝ። «ቤቱ የማን ነው? ኑኑ ቁምባ የነበሩት ዘመዶቼ አልቀዋል። ከዚህ ብታስወጣን አንቺን ይዤ የት እወድቃለሁ?» ከዚያ እንደመሳቅ ብላ «ትንሽ ጊዜ ነው፣ ክሱ ያልቃል» አለች። በዚያ ዘመን ክስ ያልቃል ብሎ የሚያምን እናቴ ብቻ ነበረች። እውነትም ቀጠሮው ሄዶ ሄዶ ወደ ሌላ ቀጠሮ ተላለፈ።

ላቡ ተመለሰ፣ ጩኸቱ ተመለሰ። ግድግዳውን መምታት፣ ሬሳ መጠበቅ፣ ምጥ ላይ ማደር ሁሉም ተመለሰ፤ ሰፈሩም ኩርፊያውን ተወ። «አሁን ገና ደህና ሆንሽ» ያላት ሰው ነበር። ለሰው ሞት አነሰው!

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ገበያ ልንሄድ ስንል እናቴ ጫማዋን ማጥለቅ አቃታት። እግሯን ታየዋለች፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል። «ምን ሆንሽ?» ብላት ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። እንደ ጆንያ ወደ ግራዋ ተደፋች። አዳዳ «ምች ነው፣ ምች መታት» እያለች ዳማከሴ ልትቆርጥ ሮጠች።

በቃሬዛ ክሊኒክ አደረስናት። ፈረንጁ ሐኪም ክንዷን ነፍቶ አየና «እንክብሉስ?» አለ።

አዳዳ «ጨርሳው ነው ጌታዬ» አለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል!

«ውሸቷን ነው! ሳጥን ውስጥ ነው! ቆልፋበት ነው!» አልኩ። ማታ ቤት ስንገባ ለዚህ አፌ በቁመቴ ተገረፍኩ። ሐኪሙ ግን አዳዳን አልተቆጣም። የእናቴን የሞተውን እጅ አንስቶ ሆዷ ላይ በቀስታ አስቀመጠላት።

ግራ ጎኗ አልተመለሰም፣ ንግግሯም አልተመለሰም። ቀኝ እጇና ዓይኗ ብቻ ቀሩ። አእምሮዋ ግን ሙሉ ነበር፤ ስቀልድ ትስቃለች፣ አዳዳ ስትገባ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እንክብሉን አሁን እኔው ራሴ አጎርሳት ነበር። እንቅልፏ ግን እንደ በፊቱ አልመጣም፤ ያንን ጉዳት እንክብል አይመልሰውም።

ከዚህ በኋላ ይተዋታል ብዬ ነበር። ሰው አላውቅም ነበር ማለት ነው።

ባለጉዳዩ መጣ። እጁ ላይ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዟል፣ ውስጡ ጠጠር አለ። አጠገቧ ተቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ። «አዴ» አላት፣ ደግሞ እርስዎ ሆነች፣ «ግድግዳ መምታት እንደማይችሉ አውቃለሁ። ይህን በደህናው እጅዎ ያንቀጫቅጩልኝ። ግድግዳው ስስ ነው፣ እሰማለሁ። ሌላ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል፤ እርስዎን አይጥልዎትም።» ጣሳውን መዳፏ ላይ አስቀምጦ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ከዚያ ቤቱ ገባና ከግድግዳው ወዲያ «እስኪ!» ብሎ ተጣራ። እናቴ አየችኝ። አዳዳ «አንቀጫቅጪለት እንጂ!» አለቻት። አንቀጫቀጨች። «ሰማሁ! ሰማሁ!» አለ ከወዲያ፣ እንደ ልጅ ፈንድቆ።

ጣሳውን ወስጄ ገደል ጣልኩት። አዳዳ ሌላ አመጣች። ሰፈሩም የጣሳዋን ድምፅ ለመደው፤ ተጓዥ ሲኖር ባለጉዳዩ በሰማ ጊዜ ሄዶ ይቀሰቅሰዋል። ግማሽ አካሏ የሞተ ሴት መናኸሪያ ሆነች።

የመጨረሻው ቀጠሮ ደረሰ። ዳኞቹ በዚህ ቀጠሮ ካልቀረብክ መዝገቡ ይዘጋል ብለውታል፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዋዜማው ማታ ባለጉዳዩ መጥቶ የእናቴን እጅ ሳመ። ልጆቹን አስከትሎ ነበር፣ እነሱም ሳሟት። «መሬቴን በእርስዎ ነው የምቀበለው» አላት። እናቴ ለረጅም ጊዜ ፊቱን አየችው።

እኔ ከእናቴ ጎን መሬት ላይ ነበር የምተኛው። የነቃሁት በአውቶቡስ ጡሩምባ ነው። አውቶቡሱ መናኸሪያ ላይ አንድ ጊዜ ይነፋል፣ ተሳፋሪ ከሞላ በኋላ ሊነሳ ሲል ሁለተኛ ይነፋል። ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጣሳው አልተንቀጫቀጨም። ሞታለች ብዬ ብድግ አልኩ። አልሞተችም። ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል፤ ቀኝ እጇን ሳየው ባዶ ነው። ብርድ ልብሱን ስገልጥ ጣሳው ጭኗ ሥር ነው። ጠጠሩ እንዳይሰማ ተጭናው ተኝታበታለች።

«እማዬ?» አልኳት።

ደህናው የአፏ ጎን ሳቀ።

ጊዜ ነበረኝ። ግድግዳውን አንዴ በቡጢ ብመታው ሰውዬው ሱሪውን እየታጠቀ ይደርስ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳብኩላትና አጠገቧ ገብቼ ጋደም አልኩ። ሁለተኛው ጡሩምባ ተነፋ። ሞተሩ ዳገቱን ሲይዝ፣ ከዚያ ሲርቅ አብረን ሰማነው።

በሩ የተደበደበው ፀሐይ ወጥታ ነው። ከፈትኩ። ባለጉዳዩ ባዶ እግሩን ቆሟል። አዳዳም ከጓዳዋ ወጥታ ከኋላዬ «ምን ተፈጠረ? ማል ታኤ?» ትላለች።

«ለምን?» አለኝ። «ለምን አልቀሰቀሰችኝም?»

«ተኝታ ነበር» አልኩት።

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አያት። እናቴ ዓይኗን ገልጣ ቀጥ አድርጋ ታየዋለች። እንደዋሸሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ እንደነበረች ገባው። ደጃፉ ላይ እንደ ሴት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። መሬቱ ሄደ፤ ልጆቹ ያደጉት የሰው እርሻ ላይ በቅጥር ነው። አላዘንኩም። ሰባ ሊሞላኝ ነው፣ ዛሬም አላዘንኩም።

ያን ጠዋት እናቴ ለቅሶውን ትንሽ ካዳመጠች በኋላ ዓይኗን ቀስ ብላ ጨፈነች። አዳዳ ልትጮህባት ስትንደረደር ፊቷ ቆምኩባት። እናቴ አንኮራፍታ እስከ እኩለ ቀን ተኛች።